ለወንድሜ ሲጋር የቀዳሁት ውሃ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን፣ ከጎረቤት መኳረፌን ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ይህችን አንዷን ግን ይዣት ሄጄ ይዣት እመለሳለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አፌ የተፈታው። ስትሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላችኋል። አንዲት ሴት ምሳ ዕቃ ውስጥ ውሃ አፈሰሰች፤ ይኸው ነው። እኔም ራሴን ስደልል የኖርሁት «ይኸው ነው» እያልሁ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አያ ሰጠኝ ልጅ ሳለ ለትምህርት ወደ ኩባ ተልኮ፣ የሞተር ሙያ ተምሮ ጎልማሳ ሆኖ ተመለሰ። ባሌ ከሞተ በኋላ አዘዞ ባለው ቤቴ አብረን እንኖር ነበር። የወፍጮ ሞተር ሲበላሽ ከጠዳም፣ ከአዲ አርቃይም እሱን ፍለጋ ይመጣሉ። ዝምተኛ፣ ንጹሕ፣ የያዘውን የማይረሳ ሰው ነበር። ግን አንድ ፍርሃት ነበረው። አባታችን አእምሮው ጠፍቶ፣ እኛን ልጆቹን «የማን ልጆች ናችሁ?» እያለ ነው ያለፈው። አያ ሰጠኝ ሞትን አይፈራም፤ እንደ አባቱ መሆንን ይፈራ ነበር።

ኩባ የቀረ አንድ ጓደኛው በመንገደኛ እጅ ሲጋር ይልክለት ነበር። በየሱቁ የሚሸጠውን ሲጋራ አይደለም፤ ያን የጣት ውፍረት ያለውን፣ ቅጠል በቅጠል ላይ የሚጠቀለለውን ነው የምላችሁ። አያ ሰጠኝ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቢያጨስ ነው፤ የቀረውን ያስቀምጣል። ሲጋር ደግሞ እንዲሁ አይቀመጥም። የእኛ አገር በጋ አድርቆ ያንኮሻኩሸዋል፤ እርጥበት ሲበዛበት ደግሞ ይሻግታል። ውጭ አገር ለዚሁ የሚሠራ ውድ ሣጥን አለ ይላል። እሱ ግን ልጄ ተማሪ ሳለ ይይዘው የነበረውን የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ለመነኝ። አጥቦ፣ የወጥ ሽታው እስኪለቅ ስንት ቀን አናፈሰው። ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ስለሚዘጋ ወደደው። ከአዲስ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ይቆርጥና፣ አርሶ፣ ጨምቆ፣ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አድርጎ ሲጋሮቹን እንዳይነካ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል። ውሃውም ማንኛውም ውሃ አይደለም፤ ከጋራዥ የሚገዛው፣ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። «ሌላው ውሃ ሻጋታ ያመጣል» ይላል። ምሳ ዕቃውን ከበርበሬዬ አርቆ አልጋው ሥር ያኖረዋል። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ይከፍትና አንዱን በሁለት ጣቱ ጫን አድርጎ ያየዋል። ክረምት ሲገባ ስፖንጁን ያወጣዋል። እኔ «ይህን እንክብካቤ ለእኔ ብታደርገው ወፍሬ በበር አልገባም ነበር» እያልሁ እቀልድበት ነበር።

ለእሱ ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ቀን ራሱ ነገረኝ። «እታገኝ፣ ሐሙሴን እስካልረሳሁ፣ ውሃውን እስካልተሳሳትሁ ድረስ ጭንቅላቴ ደኅና ነው ማለት ነው» አለኝ። እንግዲህ አውቅ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ አውቅ ነበር።

የማርያም ማኅበር አለብኝ፤ በየወሩ በየተራችን እየደገስን የምንጠጣው። ተራዬ ሲቃረብ አንዷ ማኅበርተኛ ከኋላዬ «የእታገኝ ቤት ጠላው ሳይቀር ትምባሆ ትምባሆ ይላል» ማለቷን ሰማሁ። ውሸቷን ነው፤ እሱ የሚያጨሰው ጓሮ ወጥቶ ነው። ቢሆንም አፈርሁ። በእኛ አገር ትምባሆ የገባበት ቤት ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። በዚያው ሳምንት አያ ሰጠኝ ሞተር ሊሠራ አዲ አርቃይ ሄደ። እኔም ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጠበል አምጥቼ ቤቱን ረጨሁ፤ ጓዳውን፣ ደጃፉን፣ አልጋዎቹን። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ምሳ ዕቃውን ሳብሁት።

ልባርከው ነበር ወይስ ላጠፋው? ስንት ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ። ልባርከው ቢሆን ጠብታ ይበቃኝ አልነበረም? እኔ ግን ስፖንጁን አውጥቼ በጠበሉ ነከርሁት፤ ሳልጨምቀው፣ እየተንጠባጠበ መለስሁት። ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ነው፤ አፈርም ቅጠልም ያለበት። ሻጋታ እንደሚያመጣ ነግሮኛል፤ እኔም እህል አስቀማጭ ሴት ነኝ፣ ሻጋታን አውቃለሁ። ክዳኑን ጫን አድርጌ ዘጋሁት። ማኅበሩም አማረልኝ። ያችው ባለ ምላስ ሳትቀር «ቤትሽ እንዴት ሸጋ ነው» ብላኝ ሄደች።

አያ ሰጠኝ ተመለሰ። ሐሙሱ ሲደርስ እንደ ልማዱ ምሳ ዕቃውን ግቢ አውጥቶ ከፈተው። እኔ በረንዳው ላይ ምስር እለቅም ነበር። ሲጋሮቹ ሁሉ ነጭና አረንጓዴ ፀጉር አብቅለዋል። ቢቆጣ ኖሮ፣ «ማን ነካብኝ» ብሎ ቢጮህ ኖሮ እኔም ጮኼ እናገር ነበር ይመስለኛል። እሱ ግን አልተቆጣም። ዱካ ስቦ ቁጭ አለና እጆቹን አየ።

«እታገኝ፣ ልሄድ ስል ውሃ ጨምሬበት ነበር። የትኛውን ውሃ ይሆን የጨመርሁት?» አለኝ።

ማንንም አልጠረጠረም። እኔን መጠርጠር በሐሳቡ አልመጣም።

«ከቧንቧው ነዋ» አልሁት። «ቀድተህ ስትገባ አይቼሃለሁ። ምነው፣ ረሳኸው እንዴ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ለምን አልሁት? ጠቡን ፈርቼ ነው? የማርያም ጠበል አሻገተ እንዳይባል ነው? ለብዙ ዓመት ለራሴ የነገርሁት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ለእምነቴ ተከራክሬ የዋሸሁ አድርጌ። ጠበሉ ምን በደለ? እጅ የእኔ ነው፤ ምላስም የእኔ ነው። ውሃውን ባፈሰስሁ ጊዜ ትምባሆ ነው ያበላሸሁት። «ረሳኸው እንዴ?» ባልሁት ጊዜ ግን ወንድሜን አበላሸሁት።

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ተነሣና ሲጋሮቹን ጓሮ ቆፍሮ ቀበራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን ማመን ተወ። «እታገኝ፣ በሩን ቆልፌዋለሁ? እታገኝ፣ ምሳ በልቻለሁ?» ሁሉንም አድርጎታል፤ አንዱንም አልረሳም። ግን ከእኔ አፍ ካልሰማ አይተኛም። ጠዳ የወፍጮ ሞተር ቆሞ ሲጠሩት ከግቢው በር ተመለሰ። «አንድ ብሎን ረስቼ የሰው እጅ ቢቆረጥስ?» አለ። መፍቻዎቹን ሁሉ ለሙያ ጓደኛው ሰጠ። ጎረቤቱም ነገሩን ሲሰማ ጮክ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ሕፃን ያናግረው ጀመር። እኔ ግን የጠየቀኝን ሁሉ በትዕግሥት እመልሳለሁ። «እህት ማለት እንዲህ ናት» እያሉ አመሰገኑኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ።

ልጄ አጎቱ ሲብስበት አይቶ ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰደን። ሐኪሙ ቀኑን ጠየቀው፣ ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠረው፣ የሰዓት ሥዕል አሣለው። ሁሉንም ያለ ስህተት መለሰ። «አባቴ፣ ከእኔ ጭንቅላት የእርስዎ ይሻላል» ብሎ ሳቀ ሐኪሙ። ስንመለስ ልጄ ከባጃጁ ሹፌር ጋር ከፊት ተቀምጧል፤ እኛ ከኋላ ነን። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሐኪሙ ከኃጢአቴ የገላገለኝ መስሎኝ። አያ ሰጠኝ እጄን ያዘ።

«ሸጋ ሐኪም ነው። ግን እሱ የጠየቀኝን እንጂ የረሳሁትን አያውቅም። አንቺ አይተሽኛል» አለኝ።

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ መፍቻዎቹን ያስመልስ ነበር። ሰው ሊሆን የቀረው የእኔ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ትከሻው ትከሻዬን ነክቶኛል፤ መንገዱም ረጅም ነው። እኔ «ተመስገን በል» አልሁት፤ ሌላ ቃል ሳልጨምር አዘዞ ገባን።

እስኪሞት ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረ። ደኅና አእምሮውን ይዞ እንደ በሽተኛ ኖረ። ዛሬም ጠዋት ጠዋት «በሩን ቆልፌዋለሁ?» ሲለኝ እሰማዋለሁ። «ቆልፈኸዋል፣ አያ» እላለሁ፤ ድምፄን አውጥቼ ነው የምለው። አሁን ብናዘዝስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የሞተው በልብ ሕመም ነው። በመጨረሻው ቀን የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በየስሙ ጠራ፤ የልጆቻቸውን ስም ሳይቀር። ሰው ሲወጣለት ወደ እኔ ዞረ። «እታገኝ፣ እኔ በራሴ ጭንቅላት አልኖርሁም፤ በአንቺ ነው የኖርሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ።

እኔም «አሜን» አልሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልሁት እናንተን አይደለም፤ እሱን ነው። እሱ ደግሞ አመስግኖኝ ሞተ።