ጭስ የከለከልነው ቤት

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ውስጥ አንድ ዘመዴ አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት ወስዶ ክትፎ ጋበዘኝ። መሀሉ ላይ ትልቅ ምሰሶ ቆሟል። እንጨት መስሎኝ ባንኳኳው ሲሚንቶ ነው፤ ቡናማ ቀለም ቀብተውታል። አስተናጋጁ ልጅ "ጋሼ፣ ልክ እንደ ድሮ ቤት ነው አይደል?" ሲለኝ ደሜ ፈላ።

የአያቴ የአቶ ዘርጋ ቤት አታት አጠገብ፣ በሰፈሩ መሀል የሚያልፈው ሰፊው ባለ ሣር መንገድ፣ ጀፎረው ዳር ነበር። ክዳኑ ሣር ነው። ከብቶቹ በአንድ ወገን፣ ሰው በሌላው፣ ምድጃው መሀል፣ ከትልቁ የእንጨት ምሰሶ አጠገብ። የጣሪያው እንጨት ከጭስ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ክረምት ሲወጣ እርጥብ ሣሩ፣ እበቱና ትኩሱ ቆጮ አንድ ላይ ይሸቱ ነበር።

ዞናችን ገና በተዋቀረበት ዘመን፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ሆኜ ለእረፍት እዚያው ሳለሁ፣ አንድ ባለ ከረባት ባለሙያ ከከተማ መጣ። ዞሮ ዞሮ አየና "ይህ ቅርስ ነው። ከብቶቹ ይውጡ፤ እሳትም አይነድበት" አለ። አያቴ አማርኛ አይችሉም ነበርና አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

አያቴ በጉራጊኛ እንዲህ አሉኝ፦ "ይህን ሣርና እንጨት ያቆየው ጭሱ ነው። ጭሱን ከከለከላችሁት ምስጥ ይበላዋል። ይህ ሰውዬ ቤት ሠርቶ ያውቃል? ጠይቅልኝ።"

እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩባቸው። የተማርኩት ልጅ ባለ ከረባቱን እንዲህ ብዬ ልጠይቅ?

"አባባ ምን አሉ?" አለኝ ሰውዬው።

"ደስ ብሏቸዋል" አልኩት።

ፈገግ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ጅሉ ኩራት ተሰማኝ።

ከብቶቹ ወጡ። አያቴ ጓሮ ወዳለች የቆርቆሮ ክፍል ገቡ። በሩ ተቆልፎ "እሳት ማንደድ ክልክል ነው" የሚል ታፔላ ተመታበት። ሰውዬው ቁልፉን ይዞ እንደሄደ ቀረ! በሦስተኛው ክረምት ምሰሶው ከሥሩ ተበልቶ ቤቱ ተደረመሰ።

ለመስቀል ስገባ አያቴ ፍርስራሹ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። አልተቆጡኝም። ከምሰሶው ቁራጭ አንስተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ጫን ሳደርገው ዱቄት ሆነ።

"ይህንንም ተርጉምለት" አሉኝ። ያን ቀን የሰውዬው ፈገግታ ሁሉን ነግሯቸው ኖሯል።

ያን ሰውዬ ስንት ዓመት ስረግመው ኖርኩ። እሱ ግን አያውቅም ነበር። የሚያውቁት አያቴ ተናግረው ነበር፤ ያላደረስኩት እኔ ነኝ።

አስተናጋጁ አሁንም መልስ ይጠብቃል። "አይደለም" አልኩት። ድምፄ ጎልቶ ኖሮ በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ዞረ። "ያን ቤት ያቆየው ጭሱ ነበር።"

ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ ምን አጠፋ? የአያቴን ቃል በአማርኛ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።