የተጋደመችው ጨረቃ

ያየኋትን ጨረቃ ስለሳልኩ በቀይ ኤክስ ተደረገብኝ። በደሌ ይኸው ነው።

መካኒሳ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት እዚያው ግቢ፣ በጎልማሶች ክፍል፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ስለዚህ ኤክስ እንደ ልጆቹ ቶሎ አይረሳኝም፤ ያመኛል።

ኤክሱን ያደረገችው የሳይንስ መምህርቷ ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። ከሀና ማርያም በታክሲ ተጋፍታ ትመጣለች፣ ስድሳ ልጅ ይጠብቃታል፣ መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው። የጠፈር ተመራማሪዎች ለአስተማሪ በነጻ የሚለቁትን ትምህርት በራሷ ስልክ እያወረደች ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። ማን አዘዛት? ማንም። ማን አመሰገናት? ማንም።

የካቲት መጨረሻ ያወረደችው ጨረቃን በየቀኑ እያዩ መሳል ነበር። አንድ ወረቀት ሲተርፋት ለእኔ ሰጠችኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎም ይሞክሩ እስቲ።"

ሳልኩ። ገና የወጣችዋ ጨረቃ በጀርባዋ ተጋድማ፣ ሁለቱ ቀንዶቿ ወደ ላይ። ወረቀቱ ላይ ለምሳሌ የታተመችው ግን እንደ ማጭድ ቀጥ ብላ ቆማለች። በሳምንቱ ስታርም እንደ ምሳሌው ለሳሉት ራይት፣ የተጋደመች ለሳልነው ኤክስ።

"ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ጨረቃ እንዲህ አትተኛም።"

"እኔ አላነጠፍኩላት! እንደዚያ ሆና ነው ያየኋት።"

"እነዚህ እኮ ጨረቃ ላይ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ይሳሳታሉ?"

"አንቺስ መቼ ቀና ብለሽ አየሻት?"

ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ እንኳ ስልኳ ላይ አቀርቅራ የነገውን ትምህርት ነው የምታዘጋጀው።

የእኔስ ይሁን፤ ያንገበገበኝ የልጆቹ ነው። ዓይናቸውን ያመኑት ወደቁ፣ የገለበጡት አለፉ። በማግስቱ ላጲስ እየተዋዋሱ የተጋደመች ጨረቃቸውን ሲያቆሙ አየኋቸው።

አዲስ ጨረቃ እስክትወጣ ሦስት ሳምንት ተኳረፍን። በሩን እከፍትላታለሁ፤ ሰላምታዋን በአንገቴ እመልሳለሁ።

አንድ ቀን ፀሐይ እንደገባች ከበሩ ውጭ ሆና ጠራችኝ። ጨረቃዋ በምዕራብ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ ተጋድማለች።

"ይቅርታ ጋሼ። ወረቀቱ የተሠራው ሩቅ ሰሜን ላሉ ነው፤ ለእነሱ ቆማ ትታያለች። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ትጋደምልናለች። ይሄን ማሰብ ነበረብኝ።"

"ለእኔ ሳይሆን ለልጆቹ ንገሪ" አልኳት። አፌ ለስላሳ አይደለም።

ነገረቻቸው፤ ያቆሟትን ጨረቃ መልሰው አጋደሟት። ወረቀቱን ሁሉ መልሳ ሰበሰበች፤ በየኤክሱ ላይ፣ በእኔም ላይ፣ "ትክክል" ብላ ጻፈች። ማክሰኞ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.።