ጎታ ውስጥ የቀበርናቸው ሳንቲሞች

የማኅተም ሰም ፀሐይ ሲያገኘው የተቃጠለ ሙጫ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ልጄ ያንን ሳጥን ከቁም ሣጥን አውጥቶ መስኮት ሥር አስቀመጠው። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ብረት ያቀልጣል። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ሽታው ሲመጣ ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እንዳትነኪው። ገዢው የሚፈልገው እንደታሸገ ነው» አለኝ።

«አልነካውም» አልኩት። ቅዳሜ ገዢው ሳይመጣ ለልጄ የምነግረው ነገር አለ፤ ግን አፌ እንቢ አለኝ። እስቲ መጀመሪያ ለአንቺ ልንገርሽ፤ አንቺም ወልደሻል።

ሳጥኑ ከመዳፌ ትንሽ ይሰፋል። ውስጡ ለመታሰቢያ የተሠሩ አምስት የብር ሳንቲሞች አሉ፤ የንጉሡ መልክ አለባቸው። ባሌ በወጣትነቱ ትንባሆ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። መሬት የተወረሰ ጊዜ የእርሻው ባለቤት አገር ጥሎ ሲሄድ «ስላገለገልከኝ» ብሎ ሰጠው። ሳጥኑ በክር ታስሮ፣ ክሩ ላይ የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ቀይ ሰም ፈስሶበት ነበር። እኛ ግን ወዲያው ከማሽላው ሥር ጎታ ውስጥ ቀበርነው። የንጉሡን ፎቶ ከግድግዳ ያላወረደ ጎረቤታችን ታስሮ ሲወጣ እያነከሰ ነበርና ፈርተናል።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ጥርስ ሳያወጣ ወባ ወሰደብኝ። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። በእኛ አገር ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ የሚወለደውን አንድ ጆሮውን በስታ የብር ሎቲ ታደርግለታለች፤ ሞት አይቶ እንዲያልፈው። ባሌ ትንሽ ሎቲ ይዞላት መጣ። «አጣዬ ገበያ ገዛሁት» አለኝ። ልጅቱ ሎቲዋን በጣቷ እየነካካች ነበር የምትተኛው። ሁለት ዓመት እንደሞላት፣ ክረምቱ ወጥቶ ትንኙ በሚበረታበት ወር፣ እንደያዘችው ሄደች። ዛሬም ሕፃን ጆሮውን ሲነካካ ካየሁ ፊቴን አዞራለሁ።

ሦስተኛውን እርጉዝ ሳለሁ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ባሌን ለሚሊሺያ መረጠው። አስፋልቱ ዳር መኪናው ቆሞ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እሱ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ሳጥኑን እስክመጣ እንዳትከፍቺው» አለኝ።

«ምን ያስከፍተኛል?»

«ሙት በይኝ።»

«ሙት!» አልኩት። ሰው በቀን ዐሥር ጊዜ የሚለው ቃል ነው። እኔም እንደዋዛ አልኩት፤ መኪናው ሄደ።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። አርባ ቀኑ ሊሞላ ሲቃረብ አማቴ ክርስትና ሳይነሣ ጆሮው ይበሳ አለች። ከአሊዩ አምባ በኩል ለገበያ የሚመጡትን ሽማግሌ አንጥረኛ ሳትነግረኝ አነጋግራቸው ኖሯል። «ብሩን ብቻ አምጪ፣ ኢንሻ አላህ በአንድ ቀን ይደርሳል» ብለዋታል። ሳጥኑን ስንቀብር አይታናለች፤ ብሩ ከየት እንደሚመጣ ገባኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ልትቀብሪ ነው ያሰብሽው?» አለችኝ።

«የእኅቱም ጆሮ ላይ ብር ነበር እኮ፣ እማማ።»

«ኤዲያ! የአጣዬ ነጋዴ ልጄን አሞኝቶ ቆርቆሮ ሽጦለት ነው። እውነተኛው ብር ጎታሽ ውስጥ ተኝቷል። ሞት ቆርቆሮና ብር የማይለይ መሰለሽ?»

«ሙት ብዬዋለሁ።»

የማልኩበት ልጇ ነው። ነጠላዋን ደጋግማ አጣጠፈች። በመጨረሻ «የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ቃልሽን አንሥቼልሻለሁ» አለች።

«ማንሣት ይችላሉ?»

ያጣጠፈችውን ነጠላ ለብሳ ወጣች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም አስጠላኝ። ልጁን ሳጠባው አባቱ ይታየኛል፤ ጎታውን ሳየው ልጅቱ ትታየኛለች። ብከፍተው ባሌን በአፌ ገደልኩት። ባልከፍተው ልጄ በባዶ ጆሮ ያንን የትንኝ ወር ሊጠብቅ ነው። የማማክረው ሰው አልነበረኝም።

አማቴ ለማኅበር ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ቀን፣ ቀትር ላይ፣ እጄን እስከ ትከሻዬ ማሽላው ውስጥ ሰደድኩ። ቆርቆሮው ጣሪያ ከሙቀቱ ብዛት ይንጣጣ ነበር። ልጁ ተኝቷል። ክሩን ላለመቁረጥ ሰሙን ከሥሩ በቢላዋ ጫፍ ፈለቀቅኩት። ከቀዩ ሰም ሥር ሌላ ሰም አገኘሁ፤ ቢጫ፣ የጧፍ ሰም። የመንግሥት ማኅተም በጧፍ ሰም አይጣበቅም። ከእኔ በፊት የከፈተው ሰው አለ።

ውስጡ ሰማያዊ ከፋይ ተነጥፎበታል። አራቱ ሳንቲሞች እንደ ውኃ ያበራሉ። አምስተኛው ከዳሩ ተቆርጧል። የጥፍር ያህል ቁራጭ ጎድሎት፣ የንጉሡ ዘውድ እኩሌታው የለም።

የተቆረጠውን ዳር በጣቴ ዳሰስኩት። የልጅቱ ሎቲ ከአጣዬ የተገዛ አልነበረም። ባሌ ሳጥኑን ለልጅቱ ከፍቶላት፣ አስቆርጦ አሠርቶላት፣ መልሶ አሽጎታል። ንዴት አልመጣብኝም። የመጣብኝ ሌላ ነው። ሎቲው እውነተኛ ብር ነበር። ሞት እውነተኛውን ብር ጆሮዋ ላይ እያየ ነው የወሰዳት።

እሱም ይህን ያውቅ ነበር። ልጅቱን ቀብረን ስንመለስ ያውቅ ነበር፤ «የተሻለ ብር ቢሆን ኖሮ» እያልኩ ስቃጠል ያውቅ ነበር። ያስማለኝ ለዚህ ይመስለኛል። ለሚመጣው ልጅ የምይዘው አንድ ተስፋ እንዲቀርልኝ።

ጧፍ አበራሁና እሱ እንዳደረገው ሰሙን መልሼ አጣበቅኩት። ልጁ ነቅቶ እሳቱን ያይ ነበር።

አማቴ ስትመለስ ከበር ሳትገባ «ከፈትሽው?» አለች።

«አልከፍተውም፣ እማማ።»

«ደንጊያ! ደንጊያ ነው ልጄ ያገባው!» ብላ ደረቷን መታች። ልነግራት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ከነገርኳት ግን እሷም የምትይዘው ይጠፋል፤ ልጇም ይዋረዳል። ስድቡን ዋጥኩት። ለክርስትናው የመጡት ሴቶች ሁሉ መጀመሪያ የሚያዩት የልጁን ጆሮ ነበር።

ያ የትንኝ ወር ሲደርስ ልጁን ትኩሳት ያዘው። ገና ግንባሩ እንደሞቀ አዝዬው ወጣሁ፤ ቀን አልጠበቅኩም፣ ሰው አላማከርኩም። ሽንኩርት የጫነ መኪና አስፋልቱ ላይ አስቆምኩ።

«ሴትዮ፣ ቦታ የለም፤ ሽንኩርቱ ላይ ልትቀመጪ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«እሳት ላይም እቀመጣለሁ!» አልኩት። ከጎኑ አስቀመጠኝ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ክኒን ሰጠኝ። ልጁ ተፋው፤ እንደገና አሟሟሁና አጠጣሁት። ተፋው፤ አጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን ጡት ጠየቀኝ። ሳጥኑን አውጥቶ መስኮት ሥር ያስቀመጠው እሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከባሌ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ማንበብና መጻፍ ስለማይችል ሰው ጽፎለት ነው። የልጁን ስም ጠየቀ፣ የእናቱን ጤና ጠየቀ። መጨረሻ ላይ «አደራዬ እንዳለ ነው?» ይላል። እኔ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ መልሱን ራሴ ጻፍኩት። የልጁን ስም በትልልቁ ጻፍኩ። ሥሩ «አደራህ እንደተውከው አለ» አልኩ። ውሸት አልጻፍኩም።

ደብዳቤው ደርሶት እንደሆነ አላወቅኩም። መርዶም አልመጣም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በአስፋልቱ በእግሩ ሲመለስ ከአማቴ ጋር መንገድ ዳር ቆመን ስንት ፊት አየን፤ የእሱን ግን አላየንም። «ሙት» ያልኩት ቃል አሁንም ያቃዠኛል። ቄሱ «ከንቱ ነው፣ ተዪው» ይሉኛል፤ እኔም ቀን ቀን እተወዋለሁ።

ከዚያ ሁሉ የሚብስብኝ ግን ያ የጻፍኩለት ወረቀት ነው። ከግርጌው ሁለት መስመር የሚያስጽፍ ባዶ ቦታ ነበረው። «የሎቲዋን ነገር አውቄያለሁ፤ ብቻህን አትሸከመው» ብዬ ብጽፍበት ምስጢሩ ከእሱ በቀር ለማን ይገባ ነበር? ግን ሰው ፊት ይነበብለታል ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱን አጠፍኩና ላክሁ።