ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የተቀመሰ ቂጣ

ሕግ ተምሬ ደብረ ታቦር ስመለስ ዋና ሥራዬ ምሳ ዕቃ ማመላለስ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ተለማማጅ ሆኜ የገባሁት የሴቶችን ጉዳይ የምትይዝ አንዲት ጠበቃ ቢሮ ነው፤ ከጨርቅ ነጋዴው ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል። "እትዬ" ነው የምላት። "አንቱ እንዳትይኝ፣ አሮጊት ታደርጊኛለሽ" ብላኛለች።

እትዬ ፌስቡክ ላይ ትጽፋለች። ሲፋቱ ባዶ እጃቸውን ከመሬታቸው ስለሚባረሩ ሴቶች፣ አይተው እንዳላዩ ስለሚሆኑ ሹማምንትም ጻፈች። በሳምንቱ ፖሊሶች "ለትንሽ ጥያቄ" ብለው ከቢሮ ወሰዷት። ያኔ ሁዳዴ ሊገባ ነበር። ጾሙ ተጋምሶም ትንሿ ጥያቄ አላለቀችም። ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት አልቀረበችም።

እኔ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያው በር እሰለፋለሁ። ደንቡ ያመጣሽውን ምግብ ፖሊሱ ፊት መቅመስ ነው። መርዝ እንዳይኖርበት ነው አሉ። እነሱ ናቸው እንግዲህ ለጤናዋ የሚጨነቁት! ጾሙን እንደ ነገሩ ስለምይዘው ጎርሼ አስገባለሁ። ደክሞኛል። ሽሮውም፣ ፖሊሱም፣ "ነገ ነይ" መባሉም ሰልችቶኛል።

አንድ ሐሙስ ከጋፋት ወዲያ ካለ መንደር ደንበኛችን በእግራቸው መጡ። ልጆች አሳድገው ሲያበቁ ባላቸው ከቤት አስወጥቷቸው፣ ግማሹን መሬት የሚጠይቅ ክስ እትዬ ከፍታላቸዋለች። ቀጠሮው በማግስቱ ነው። እኔ ደግሞ ፈቃድ ስለሌለኝ ልቆምላቸው አልችልም።

"ሽማግሌ ላኩብኝ ልጄ" አሉኝ ሰልፉ ላይ። "የባሌ ወንድም ወረዳው ላይ ትልቅ ሰው ነው። ክሱን ከተውሽ ጠበቃሽ ፋሲካን ቤቷ ትውላለች አሉኝ።"

"እና እርስዎ ምን አሏቸው?"

"እሷን ልጠይቅ ብዬ መጣሁ።"

ተዉት ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ ብትወጣ እኔም አርፋለሁ። ምሳ ዕቃውን ወደ ሌላ እጄ አዛወርኩ።

ተራችን ሲደርስ ከነጠላቸው ሥር የስንዴ ቂጣ አወጡ።

"ይቅመሱ እናቴ" አለ ፖሊሱ።

"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?"

"ደንብ ነው።"

"እኔ እቀምሳለሁ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"ያመጣው ነው የሚቀምስ። ያንቺ አፍማ መች ጾም ያውቃል!"

ከኋላችን የቆመች ሴት "መርዝ ልታበላ ይህን ሁሉ ዳገት በእግሯ የምትወጣ አለች?" ስትል ሰልፉ ሳቀ። ፖሊሱ አልሳቀም።

እሳቸው ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ዞረው አማተቡና ቆርሰው አኘኩ። ለመዋጥ ብዙ ቆዩ። ፖሊሱ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። "ይግቡ፣ ግን ቶሎ" አለ።

እትዬ ከሽቦ አጥሩ ማዶ ቆማ የሽማግሌዎቹን መልእክት ሰማቻቸው። ከስታለች።

"አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ እኔ ማሳ ላይ ምን እሠራለሁ?" አሏት።

"ቢተዉት ይፈቱኝ ይሆናል" አለች ቀስ ብላ። ለመቆጣት እንኳን አቅም አልነበራትም። "ከዚያ የሌላዋን ክስ ማስተው ሲያምራቸው መልሰው ያስሩኛል። መሬቱ ግን የርስዎ ነው፤ እኔ አልወስንልዎም።"

"ዳኛ ፊት መናገር አላውቅበት።"

"ለኔ እንደነገሩኝ ይንገሩት። ማን አረመ፣ ማን አጨደ፣ ማን ከመረ።"

"ሰዓት!" አለ ፖሊሱ።

በማግስቱ ችሎት ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። ባልየው አዲስ ጋቢ ለብሶ ከነጠበቃው መጥቷል።

"የርስዎ ጠበቃ የት አሉ?" አለ ዳኛው።

"እናንተው ታውቃላችሁ።"

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ሳል አስመሰለው። ዳኛው መዝገቡን ገለጠ። "ክሱን ይቀጥላሉ ወይስ ያነሳሉ?"

ወደ ዳኛው አንድ እርምጃ ቀረቡ። "እቀጥላለሁ። አርሜበታለሁ፣ አጭጄበታለሁ። እሱ ይካድ እስቲ፣ እዚሁ ቆሞ።"

ባልየው ጋቢውን ሲያስተካክል ነበር። ዳኛው ለሌላ ጊዜ ቀጠረው።

እየተራገምኩ ወደ ግቢው ወጣሁ። አሁንም ቀጠሮ! እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ "ከፋሲካ በኋላ ነው ያለው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አዎ።"

"ደግ። ያኔ ፍስክ ነው" አሉ። "ዶሮ ሠርቼ አመጣላታለሁ። ቅመሺ ቢለኝም አልቸገር።"