ሁለቱ ይብራዎች

ባለፈው ሰንበት መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛውን ሁሉ ለሽርሽር ሐዋሳ ወስዶን ነበር። የሐይቁ ዳር መናፈሻ እንደ ገበያ ቀን ይንጫጫል፤ ጀልባ ቀዛፊው ይጣራል፣ ዓሣ ጠባሿ ትጣራለች፣ ፎቶ አንሺው የሰው ክንድ ይዞ አልለቅም ይላል፤ በዓመት አንዴ የምትስቀው የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን እንኳ ጫማዋን አውልቃ ውሃ ትረጫለች። እኔ ከጫጫታው ሸሸት ብዬ ወደ ቄጠማው ጠጋ ስል ያ ሽታ መጣብኝ፤ ውሃ ውስጥ የከረመ ሣር፣ ጥቁር ጭቃና የወፍ ላባ ተደባልቆ የሚሸተው ሽታ። ሌላ ሰው ቢያሸተው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

የመንዝ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ጓሳው አፋፍ ላይ ነበር፤ እናቴ እኔን በወጉ ሳታሳድግ ስለሞተች ቤቱ ውስጥ የነበርነው አባቴና እኔ ብቻ ነን። አባቴን፣ ጋሽ ተክሌን፣ አገሩ የሚያውቃቸው በሁለት ነገር ነው፤ በኢላማቸውና በዝምታቸው። ቤት ውስጥ ሲሆኑ ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ በአገጫቸው ነበር የሚያመለክቱት። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ፣ «የዚህ ሰው ምላስ ከምሽቱ ጋር ተቀብሯል» ይሉ ነበር፤ እሳቸው የሁለት ሰው ያህል ስለሚያወሩ መንደሩ ውስጥ የንግግር እጥረት አልነበረም።

እማማ ዘነቡ የማያውቁት ነገር ግን ነበር። አባቴ ምንሽራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እኔን ባና አልብሰው፣ ውርጩ ሳይለቅ ቆቅ ፍለጋ ወደ ጓሳ ስንወጣ፣ የመጨረሻውን የድንጋይ ካብ ካለፍን በኋላ አፋቸው ይከፈታል። ቆቅ በየት በኩል ከሣሩ እንደምትወጣ፣ ነፋስ ከየት ሲነፍስ በየት እንደሚኬድ፣ የጅብራው ተክል ሥር ምን እንደሚተኛ ይነግሩኝና፣ ድንገት በወሬው መሐል «እናትሽ ይቺን ቁልቁለት ስትወርድ ትስቅ ነበር፤ ለምን እንደምትስቅ ጠይቄያት አላውቅም» ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ቁራሽ። ስትዘፍን ድምጿ እንደማያምር፣ ጉም እንደምትፈራ፣ ለእኔ ስም ስታወጣ ከካህኑ ጋር እንደተከራከረች። ሰው አባቷን ተከትላ ለሥጋ የምትሄድ ይመስለው ነበር። እኔ የምሄደው ለእናቴ ነው፤ እናቴን ያወቅኋት በአደን ነው።

ወዲያ ማዶ፣ ጨፌው መሐል፣ ትንሽ ባሕር አለች። እዚያች ላይ ሁልጊዜ ሁለት ይብራዎች፣ ዳክዬ የሚመስሉ የደጋ ወፎች፣ እናይ ነበር፤ ግራጫ ናቸው፣ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ሰማያዊ ብልጭ ይላል፣ ሲራመዱ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጀርባቸው ላይ ጣል አድርገው ነው፣ ልክ ርስት እንዳለው ባላባት። ይብራ በእኛ አገር አይበላም፤ ስለዚህ አባቴ አፈሙዝ አዙረውባቸው አያውቁም። ባልና ሚስት ናቸው፣ ቢጣሉም ከአንድ ባሕር አይወጡም ይሉኝ ነበር። ከዚያ መንገዳችንን እንቀጥላለን።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ በጥቂት ዓመት፣ መስቀል አልፎ ጭቃው ሲጠነክር፣ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ከደብረ ብርሃን አንድ አስተርጓሚ ይዘው በበቅሎ መጡ። የባሕሩን ይብራ ነው የምንፈልገው አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ አባቴ ጠቆመ። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ቆላ ወርደው ለፈረንጅ አዳኞች ጓዝ ተሸክመው ነበርና የእንግዶቹን ባለብዙ ኪስ አቧራማ ልብስ፣ በቆዳ ሰገባ የተከተተውንም ረጅም ነገር ሲያዩ የሚያውቁትን ያዩ መሰላቸው። ስንት የሚበላ ወፍ እያለ ይብራ መፈለጋቸው ቢገርማቸውም፣ የእንግዳ አምሮት አይጠየቅም። በዚያ ላይ ያገራችን የአደን ወግ አለ፤ እንግዳ ይዞ የወጣ አዳኝ የመጀመሪያውን ተኩስ ለእንግዳው ይለቃል፤ እንግዳው እጁ ከከዳው ግን እንዳያፍር ባለአገሩ ይተኩስለትና ግዳዩ በእንግዳው ስም ይቆጠራል። እንግዳ ባዶ እጁን በመለሰ ሰው የመንደሩ ልጆች ሳይቀሩ ይስቁበታል።

ጠዋት ወጣን። አስተርጓሚው ኮርቻ ልጦት፣ ብርዱም አንገላቶት ወደ ኋላ ቀረ። ባሕሯ ዳር ስንደርስ ይብራዎቹ እዚያው ናቸው፤ አንገታቸውን ጀርባቸው ላይ ጥለው ሣር ይነጫሉ። ሽማግሌው ረጅሙን ነገር ከሰገባው አወጣና በሦስት እግር አቆመው። አባቴ እጄን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝ፣ ጆሮዬንም እንድይዝ አመለከቱኝ። ጠበቅን። ሽማግሌው አጎንብሶ ያያል። ለሚስቱ ይለቃል። እሷም ታያለች፣ ፈገግ ትላለች፣ መልሳ ለእሱ ትለቃለች። ተኩስ የለም። የአባቴን ፊት ቀና ብዬ ሳየው ለእንግዶቻቸው አፍረው ነበር፤ እርጅናና ብርድ እጃቸውን እንደያዘው ገምተው ይሆናል። ምንሽሩን ቀስ ብለው ወደ ትከሻቸው አወጡ።

አንዷ ወደቀች። ሌላዋ ተነሥታ ባሕሯን ዞረች፤ ሰማያዊው ክንፏ ብልጭ አለ፤ ከዚያ ተመልሳ የወደቀችው አጠገብ አረፈች። አባቴ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው የሞተችውን አመጡና ሴትዮዋ እግር ሥር በሁለት እጃቸው አስቀመጡ፤ እጅ ነስተውም ወደ ኋላ አሉ። ሴትዮዋ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ባሏ ክንዷን ያዘ እንጂ አባቴን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። አስተርጓሚው እያነከሰ ሲደርስ ወፏንም እኛንም አየና ራሱን ያዘ።

«ጋሼ፣ ሊያዩ እኮ ነው የመጡት። ለማየት ብቻ።»

አባቴ ሱሪያቸው ውሃ እያንጠባጠበ ቆሙ። «አይተው ምን ሊያደርጉ?» አሉ። እየተከራከሩ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ፈልገው ነው። 

እንግዶቹ በማግሥቱ ሄዱ። አባቴ ምንሽራቸውን ወለወሉ፣ በጨርቅ ጠቀለሉ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። እማማ ዘነቡ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብለው ሊያስቋቸው ሞከሩ፤ አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ቆቅ ፍለጋ አልወጣንም። የእናቴም ነገር እዚያው ላይ ቆመ፤ ያ ከካህኑ ጋር የተከራከረችበት ስም የትኛው እንደነበር እንኳ ገና አልነገሩኝም ነበር።

የቀረችው ይብራ ባሕሯን ለቃ አልሄደችም። አባቴ ያለ ጠመንጃ ወደዚያ ይሄዱ ጀመር። አብሬ ልሂድ ስል «ውርጭ ነው፣ ቤት ጠብቂ» ይሉኛል። የምጠብቀው ቤት ከሁለት መደብና ከአንድ ድመት በቀር ምንም የለበትም፤ ድመቷም ከእማማ ዘነቡ ጋር መኖር ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ማልቀሴ አሳዝኗቸው ይሁን፣ ይዘውኝ ሄዱ። ካብ አለፍን፤ አፋቸውን ይከፍታሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልከፈቱም። ባሕሯ ዳር ተቀመጥን። ይብራዋ ብቻዋን ትራመዳለች፣ ቆም ትላለች፣ በቀጭኑ ታፏጫለች፣ ታዳምጣለች።

«እንግዳ ላስደስት ብዬ ትዳር አፈረስኩ» አሉ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን አልወሰዱኝም። ትንሽ ከፍ ስል መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ከዚያ ከተማው ወሰደኝ። አባቴ ሲሞቱ ለመቅበር አልደረስኩም፤ ለሙት ዓመታቸው ግን ሄጄ ነበር። ዛሬ ጓሳ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶ፣ የጎረቤቶቻችን ልጆች መነጽር አንጠልጥለው ቀይ ቀበሮና ወፍ ሊያይ የመጣውን ሁሉ ይመራሉ፤ ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው የሚገርመው የለም። ባሕሯ ዳር ግን ይብራ አላገኘሁም። አባቴ ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ አናቱ ለስልሷል፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው።

የሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ እግሯን እያራገፈች መጥታ ምን እንደማይ ጠየቀችኝ። ወፍ አልኳት። ቄጠማው ውስጥ ምንም ስላላየች ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ዓሣው ተመለሰች። አባቴ የዚያን ጠዋት «አይተው ምን ሊያደርጉ?» ብለው የጠየቁትን መልስ በኋላ ባሕሯ ዳር ብቻቸውን ተቀምጠው እንዳወቁት አሁን ይገባኛል። እኔንም ቢወስዱኝ ኖሮ አልረብሻቸውም ነበር። ስለ እናቴ አንድም ቃል ባይነግሩኝ፣ ባናዬን ተከናንቤ፣ አጠገባቸው ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር።