የጋሽ ለማ ባቡሮች

ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ለማ ያረጁ የአሻንጉሊት ባቡሮችን ይሰበስቡ ነበር። ብዙዎቹን አፈላልገው ያመጡላቸው ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥራዬ ናቸው። ጀጎል ገበያ በወጡ ቁጥር አሮጌ ዕቃ ሻጮቹ ዘንድ ጎራ ይሉና ዝገት የበላውን ፉርጎ፣ መሙያ ቁልፉ የጠፋውን ጎታች ሎኮሞቲቭ ተከራክረው ይዘው ይመጣሉ። ጋሽ ለማ ዝገቱን ያራግፋሉ፣ ዘይት ይቀባሉ። ልጅ አልወለዱም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሐዲዱን ወለሉ ላይ ዘርግተው፣ ሁለቱም ተንበርክከው ባቡሩን ያስኬዱ ነበር።

ወይዘሮ ሥራዬን የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲህ ሐዲዱ ተዘርግቶ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ለማ መድኃኒት ገዝተው ሲመለሱ የባቡሮቹ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ አገኙት።

«ሥራዬ፣ ባቡሮቹስ?»

«ልጆቹ ወሰዷቸው» አሉ ወይዘሮ ሥራዬ፣ ፊታቸው በርቶ።

«የማን ልጆች?»

«ምን ነካህ ለማ? የእኛ ልጆች ናቸዋ!»

ጋሽ ለማ ደንግጠው ወጡ። ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አጠገብ የሰፈር ልጆች ሎኮሞቲቩን በሲባጎ አስረው አቧራ ላይ ይጎትቱታል። አንዱ ጎማው ወልቋል። ሊቆጧቸው ሲሉ አንዲት ልጅ፣ «እማማ ናቸው የሰጡን፤ ‹ልጆቼ› ብለው ሳሙን» አለቻቸው። ምንም ሳይወስዱ ተመለሱ።

ወይዘሮ ሥራዬ በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር።

«አገኘሃቸው? ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፤ እየተጫወቱ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይዘሃቸው አልመጣህም? እራታቸውን ይብሉ እንጂ!»

ጋሽ ለማ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉና፣ ድምፃቸው እንዳይሰማ አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው አለቀሱ።