የእማማ ዘርፌ ኮርማ

ስሙኝማ! ይሄን ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። መንደራችን ጥጃ ያጣው በድርቁ ነው ሲሉ ዝም እላለሁ። ድርቁ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ኮርማውን ያስቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ!

መካነ ሰላም ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ መምህሩ ኮርማ ሰሌዳ ላይ ሣለልን። «ዘሩ ከፍሬው ይመነጫል፣ ነጣ ያለ ነው» አለ። እጢዎቹ ጋ ሳንደርስ አብዮቱ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ካድሬዎቹ «አንተ የተማርክ ነህ» ብለው የገበሬ ማህበራችን የከብት ኃላፊ አደረጉኝ። እኔም እውነት መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ከድርቁ የተረፈው ኮርማ አንድ ብቻ ነበር፣ የእማማ ዘርፌ። የጣራቸውን ሳር እየነቀሉ አብልተው ነው ያቆዩት። ቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ ሰማይ ይታያል።

አንድ ቀን ኮርማው ላም ኋላ ቆሞ አየሁት። ገና ሳይሰርራት ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ጥርት ያለ፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ።

«ይሄ ዘር የለውም፣ ውሃ ነው! ተቀጥቅጦ ይጠመድ» አልኩ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ላም ስትሰረር አይተህ ታውቃለህ?» አሉ እማማ ዘርፌ።

«እሱ የሚያውቀው በጠመኔ የተሣለችውን ነው!» አለ አንዱ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

በእኔ? በሹሙ? ያኔ ጥርጣሬ ሆዴ ገባ። አዎ፣ ጠርጥሬ ነበር። ሳላውቅ ነው እንዳልል ጠርጥሬያለሁ። ጠርጥሬ አስቀጠቀጥኩት።

እማማ ዘርፌ እግሬ ላይ ወደቁ። «አብሽሩ እማማ፣ በሬ ይሆንልዎታል» አልኳቸው እየሳቅኩ። ሰዎቹ ኮርማውን ጣሉት፣ ጠፍረው አሰሩት። ዱላው ሲያርፍበት አንዴ አገሳ።

በኋላ አጅባር ገበያ ከብት የሚከትብ ሐኪም አግኝቼ እንደዋዛ ጠየቅኩት። «እሱማ የእጢ ፈሳሽ ነው» አለኝ። «እጢው ውስጥ ትንንሽ ጓዳዎች አሉ። ሕዋሶቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረው ያንን ያመነጫሉ። ዘሩ ከመምጣቱ በፊት መንገዱን ያጥባል። ጤነኛ ኮርማ እንዲያ ነው።»

ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

አሁን ላሞቹ ኮርማ ሲያምራቸው እየጮሁ መጥተው ያንን በሬ ይከቡታል። እሱ ሳሩን ይግጣል። ጥጃ የለ፣ ወተት የለ። እማማ ዘርፌ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ደህና ዋልክ ልጄ» ይሉኛል። ምነው በረገሙኝ!

ይቅር በሉኝ አልልም። አፉም የኔ፣ ትእዛዙም የኔ ነው። ግን እናንተ፣ «የተማርክ ነህ» ብላችሁ የሾማችሁኝ፣ እስከየት እንደተማርኩ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠየቃችሁኝም?